አያትም ብትሆኚ

ጥቅምት 2

አራት ወሊድ። ሦስት ሴት፣ አንድ ወንድ። ወንዱ እንደወጣ ክንዴ ላይ ሸናብኝ። እናትየው ከነሕመሟ ሳቀች። ጥሩ ቀን።

ከሰዓት በኋላ ማደንዘዣው ሻይ ክፍል አገኘኝ። በስሙ የሚጠራው የለም። ሥራው ሰው ማደንዘዝ ነው፣ ወሬውም እንደዚያው። "አንቺ ይሄን ሁሉ ተከታይ ይዘሽ ተሰሚነትሽን ለክተሽ ታውቂያለሽ?" አለኝ። ተሰሚነት በምን ይለካል? ስልኬን ተቀበለና አንድ ነገር ጫነበት። ስንት ሰው እንዳነበበሽ፣ ስንቱ እንደመለሰልሽ፣ ስንቱ ለሌላ እንዳጋራ ይደምርና፣ የሰደበሽንና የተወሽን ቀንሶ ከመቶ ነጥብ ይሰጥሻል። እሱ ሃምሳ ስምንት ነው። በቀልድ ብቻ!

እኔ ሃያ ሦስት።

ሃያ ሰባት ዓመት ያዋለድኩ ሴትዮ... ሃያ ሦስት? ለምን እንደከፋኝ አላውቅም። ገጹን የከፈትኩት ለእርጉዞች ምክር ቢጤ ልጽፍበት ነበር እንጂ ልፈተንበት አልነበረም።

ልጄ ሚጢ ደወለች። ወር አልቀራትም። "እማዬ፣ በር ላይ ሆዴ ቀድሞኝ ይገባል" አለች። የመጀመሪያ የልጅ ልጄ... ስታወራ ድምጿን ብቻ እየሰማሁ ያለችውን ግማሹን አልሰማሁም።

ጥቅምት 5

የሕፃን እግር ፎቶ ለጠፍኩ፣ እናቱን አስፈቅጄ። "አምስት ጣት፣ አምስት ሺህ ደስታ" ብዬ ጻፍኩበት። ምን ማለት ነው? እኔም አላውቅም። ነጥቤ ሠላሳ አንድ ገባ።

እጄን በታጠብኩ ቁጥር ስልኬን አያለሁ። ስልኬን ስለነካሁ ደግሞ እንደገና እታጠባለሁ። ቆዳዬ ሊላጥ ነው።

ጥቅምት 9

ተናድጃለሁ።

ባለፈው ሳምንት ያዋለድኳት ጸጉር ሰሪ በትኩሳት ተመልሳ መጣች። ሠላሳ ዘጠኝ ከግማሽ። ጡቷ ድንጋይ ሆኗል። "እንቅልፍ አለሽ?" አልኳት። "የት ተኝቼ? ሰው ይመጣል።" "ማን?" "ሁሉም።" አማቷ ዘመድ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታ በአምስት ቀን ስልሳ ሰው! በተሰፋ አካሏ ቆማ ሻይ ስትቀዳ ነበር። አንዱ ጉንፋን የያዘው አጎት ሕፃኑን አገላብጦ ስሞ ሄደ። ሕፃኑ አሁን ያስላል።

ባሏን "አንተ የት ነበርክ?" አልኩት። "እንግዳ ሳስተናግድ" አለኝ። ምን ይባላል?

ሚጢን የወለድኩ ሰሞን ትዝ አለኝ። ቤቱ በሰው ሞልቶ፣ ሁሉም እየወደደኝ፣ እኔ ሽንት ቤት ገብቼ በር ቆልፌ ሳለቅስ። ወተቴ በስምንተኛው ቀን ደረቀ። ልጅቷ ሦስት ወር እስኪሞላት የድመት ግልገል ታክል ነበር። ሚጢ የተባለችውም በዚያ ነው። ለሰው ነግሬው አላውቅም፤ ለባሌም በቅጡ።

እና ጻፍኩ። ምንም አልቀባባሁም፦

"አራስ አትጠይቁ። አሥራ አምስት ቀን ተዉአት። ምግብ ሠርታችሁ በር ላይ አስቀምጡ፣ ደወሉን ሁለቴ ተጭናችሁ ሂዱ። የቆሸሸ ልብስ ካለ ውሰዱና አጥባችሁ መልሱ። ሕፃኑ የትም አይሄድም። እሷ ግን ልታመልጣችሁ ትችላለች።"

ጥቅምት 10

አሥራ አራት!

ሰባት መቶ ኮሜንት። "ሰው ጠል።" "ይቺን ሴትዮ ማን አስቀየመብን?" "ለመተያየት የቀረን አንድ ነገር ነበር፣ እሱንም ልታስቀር ነው።" ከዛሬ ጀምሮ አልከተልሽም ያለችኝ ደግሞ ራሴ ያዋለድኳት ናት። መንታ! ስድስት ሰዓት ሙሉ እጄን ስትጨብጥ ቆይታ...

ባሌ መነጽሩን አድርጎ አየው። "ከመቶ አሥራ አራት... ክፍል ትደግሚያለሽ" አለ።

"ልክ አይደለሁም?"

"ልክ ነሽ። ግን አንቺ ልክ ስትሆኚ ሰው የተሰደበ ይመስለዋል።"

ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ነገር የሚያየው ሲያንጠባጥብ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ተናድጄ እራት አላቀረብኩለትም። ራሱ አቀረበ፣ ለእኔም ጭምር።

ጥቅምት 11

አሥራ አንድ።

ጥቅምት 13

ዛሬ ደግሞ ባለ ጽጌረዳዋ መጣችብኝ። የሚጢ ባል እናት ናት፣ አማቼን የወለደችው። ቤተ መጻሕፍት ስትሠራ ኖራ ጡረታ ወጥታለች። ገጿ ላይ በፊቷ ፈንታ ቀይ ጽጌረዳ አድርጋለች። በሠርጉ ጊዜ እንኳን እንደዚህ አልተናገረችኝም፦

"እኅቴ፣ የልጄን ልጅ ለማየት አሥራ አምስት ቀን ደጅ ልጥና? ዘመድ እኮ ጀርም አይደለም።"

ሁለት ሺህ ላይክ!

ማደንዘዣው አጠገቤ ነበር። "መልሺላት! ነጥብ የሚወጣው በጠብ ነው" አለ። እያሰብኩ አልነበረም፣ ጣቴ ቀደመኝ፦

"አያትም ብትሆኚ እንግዳ ነሽ። በር ላይ ቁሚ፣ ድስቱን አስቀምጪ፣ ሂጂ።"

ይህን የጻፍኩት በስምንት ሰዓት ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ያላጋራው ሰው የቀረ አይመስልም። ሥዕል የሠሩበትም አሉ፤ አሮጊት ድስት ይዛ በር ላይ ተገትራ፣ ከሥሯ የእኔ ቃል። ወጣቶቹ እናቶች "ንግሥታችን" አሉኝ።

ስልሳ ስድስት።

ማደንዘዣውን በለጥኩት!

ጥቅምት 14

ሰባ አንድ። በር ላይ ጥበቃው ሳይቀር "አያትም ብትሆኚ!" ብሎ ሰላም አለኝ። እየሳቅሁ ሳለ ሚጢ ደወለች።

"እማዬ፣ ምን አድርገሽ ነው?"

"ምን አደረግሁ?"

"አማቴ ስታለቅስ ውላለች እኮ። ጎረቤቶቿ ሥዕሉን ላኩላት።"

"የጻፍኩት እውነት አይደለም?"

ዝም አለች። ሚጢ ዝም ስትል እፈራለሁ። በልጅነቷም እንደዚያው ነበረች፤ ዝም ካለች ወስናለች ማለት ነው።

"እውነት ነው" አለች። "ስለዚህ እንደጻፍሽው እናደርጋለን። አሥራ አምስት ቀን ማንም አይገባም።"

"ጎሽ የኔ ልጅ!"

"አንቺም።"

"... እኔ?"

"ለእኔ እናት በር ከፍቼ ለእሱ እናት ብዘጋ በምን ዓይኔ አየዋለሁ? አንቺው ነሽ አያትም ብትሆኚ ያልሽው።"

ስቄ ዘጋሁት። ትቀልዳለች። ትቀልዳለች አይደል?

ጥቅምት 15

አትቀልድም። ሁለቴ ደውዬ አረጋገጥኩ።

ላጥፋው? ወይስ "እናትና አማት ሲቀሩ" ብዬ ላስተካክለው? ግን ለጸጉር ሰሪዋ ስልሳውን ሰው የጠራችው አማቷ አይደለችም? እኔንስ ሽንት ቤት ያስደበቀኝ ማን ሆነና... የገዛ እናቴ ናት፣ ነፍሷን ይማርና፤ የእንግዶቹን ወንበር ስትደረድር የነበረችው እሷ ናት። በፍቅር ነው። ሁሉም በፍቅር ነው።

አልነካሁትም። እውነት ስለሆነ ነው ያልነካሁት... ወይስ ሰባ አንዱ እንዳይወርድ? እዚህ ደብተር ላይ እንኳን ካልዋሸሁ፣ ግማሽ በግማሽ ነው።

ለባለ ጽጌረዳዋ ልደውልላት ስልኬን አነሳሁ። ምን ብዬ? አስቀመጥኩት።

ጥቅምት 19

ሰባ ስምንት። ከዚህ በላይ ወጥቼ አላውቅም።

አንዲት እርጉዝ ለክትትል መጥታ አብራኝ ፎቶ ተነሳች። "ለእናቴ ያንቺን ጽሑፍ አሳየኋት፣ አኮረፈችኝ" ብላ ሳቀች። አብሬያት ሳቅሁ። ከሄደች በኋላ ያኮረፈችዋን እናት አሰብኳት። ምን እያደረገች ይሆን አሁን?

የሕፃን ካልሲ ገዛሁ። ስድስት ጥንድ። ከእኔ አውራ ጣት አይበልጥም። ባሌ አንዱን ጣቱ ላይ አጠለቀና ሲያወዛውዝ ዋለ።

ጥቅምት 24

ዛሬ ሦስት ልጆች ተቀበልኩ። የሚጢን ግን ሌላ ሰው ተቀበለው፣ በከተማው ሌላ ጫፍ፣ ቤታቸው አጠገብ ባለው ሆስፒታል። እኔ እዚህ "ግፊ የኔ እመቤት፣ ግፊ" ስል ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ላነሳው አልችል፣ የሰው ልጅ ጭንቅላት እጄ ላይ ነው።

ወንድ። ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ። ሁለቱም ደህና።

ተመስገን... መጋረጃው ጀርባ ቆሜ አለቀስኩ። ማደንዘዣው አገኘኝና ከተዋወቅን ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳያወራ ሶፍት ሰጠኝ።

ጥቅምት 25

ቤት ገቡ። "ልምጣ?" አልኳት፣ እንደው ልሞክር ብዬ። "እማዬ..." አለች፣ ድክም ባለ ድምፅ። "ባለሙያ ነኝ እኮ፣ ስፌትሽን ልይልሽ" ስላት ደግሞ "የጤና ጣቢያዋ ነርስ አይታዋለች" አለችኝ። ነርሷ ምን እንዳየች እንጃላት!

አማቼ ፎቶ ላከ። ግማሹ ብርድ ልብስ፣ ግማሹ ብዥ ያለ ነገር። ለዚህ ሰው ካሜራ ያለው ስልክ የሸጠለት ማነው? አርባ ጊዜ አየሁት። አፍንጫ የመሰለኝ ነገር ለካ የሚጢ አውራ ጣት ነው።

ጥቅምት 26

የዶሮ ሾርባ ሠርቼ ሄድኩ። አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ ተበላሽቷል። በሩ ላይ በሚጢ እጅ ጽሑፍ ወረቀት ተለጥፏል፦ "ምግብ እዚህ። ደወል ሁለቴ። እንወዳችኋለን።" ከሥሩ፣ ያ "አያትም ብትሆኚ" ያልኩት የእኔው ቃል። አራት ነጥቡ ሳይቀር የእኔ።

ድስቱን አስቀመጥኩ። ሁለቴ ደወልኩ። ሂጂ ይላል፣ ባዩም እኔው ነኝ... እግሬ ግን አልሄድም አለ። ውስጥ ሲያለቅስ ሰማሁት። የረሃብ ለቅሶ ነው፤ ከሕመሙም ከእንቅልፉም እለየዋለሁ። ግንባሬን በሩ ላይ አስደግፌ ቆምኩ። ትንሽ ቆይቶ ዝም አለ። ጡት ያዘ ማለት ነው። ከዚያ ወረድኩ።

ቤት ስደርስ ባሌ "እንዴት ነው?" አለኝ። "ድምፁ ጥሩ ነው" አልኩት።

ጥቅምት 27

የአትክልት ሾርባ። ሁለቴ። ሄድኩ።

ጥቅምት 28

ዛሬ ደረጃው ላይ ተገናኘን። ባለ ጽጌረዳዋ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ድስቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ቁጭ ብላለች። ጉልበቷን ያማታል። ሳታየኝ ልመለስ? ስል አየችኝ።

"ነይ እንግዲህ፣ እንግዳ" አለችኝ።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"ስታለቅሺ ዋልሽ አሉኝ።"

"አለቀስኩ። ከዚያ ተናደድኩ። ከዚያ ልጅሽ አንቺንም እንዳታስገባሽ ስሰማ ሳቅሁ፣ ሆዴን እስኪያመኝ። ከዚያ ደግሞ አሳዘንሽኝ።"

"ይቅር በይኝ" አልኳት። "ግን" አፌ ላይ መጥታ ነበር። "ምክንያቱም" ም መጥታ ነበር። ሁለቱንም ዋጥኳቸው።

"ነገሩስ ልክ ነሽ" አለች። "እኔ ስወልድ አማቴ አንድ ወር ሙሉ ከአልጋዬ ግርጌ አልተነሳችም። ጠምጃት ነበር። ያንቺን ሳነብ ራሴን አልጋው ግርጌ አየሁትና ነው የተቆጣሁት። ግን ሰው እንደዚያ ይባላል? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት?"

"አይባልም።"

ድስቷን ይዤላት ወጣሁ። ሁለት ድስት ጎን ለጎን አስቀመጥን። እሷ አንዴ ደወለች፣ እኔ አንዴ። ስንወርድ ክንዴን ያዘች።

ጥቅምት 30

ባሌ ጉድ ሠራኝ!

ወጥ ቤታቸው ቧንቧ አንጠባጠበ ተብሎ ተጠራ። መፍቻውን ይዞ ሄደና ገባ! "ባለሙያ ነኝ እንጂ እንግዳ አይደለሁም" ይለኛል። ያንን ቧንቧ ባለፈው ወር የጠገነው ራሱ ነው። እጠረጥረዋለሁ።

"አየኸው?"

"አየሁት።"

"እንዴት ነው?"

"ትንሽ ነው።"

"ማንን ይመስላል?"

"ሕፃን ይመስላል።"

ሠላሳ ዓመት አብሬው ስኖር እጄን አንስቼበት አላውቅም፤ ዛሬ ለትንሽ ነው የተረፈው። ሻይ ስንጠጣ ግን ጣቱን ደጋግሞ ሲያሻሽ አየሁት። ሳልጠይቀው "ያዘኝ እኮ" አለ። "ጠበቅ አድርጎ።"

ኅዳር 1

በር ላይ የቆሸሸ ልብስ በከረጢት ወጥቶ ጠበቀን። እኔና ባለ ጽጌረዳዋ ተናነቅንበት።

"እኔ አጥባለሁ።"

"ጉልበትሽን እያመመሽ?"

"በጉልበቴ ነው እንዴ የማጥበው?"

ውስጥ የሰሙን ይመስለኛል፣ ሳቅ መጣ። ተካፈልነው። ካናቴራዎቹ ለእሷ፣ መጠቅለያዎቹ ለእኔ። ቤት ወስጄ ከመንከሬ በፊት አንዱን አፍንጫዬ ላይ አድርጌ ቆየሁ። ወተት ወተት ይሸታል። ባሌ አየኝና በሩን ገርበብ አድርጎልኝ ሄደ። ይኸን ሰውዬ እወደዋለሁ።

ኅዳር 2

"ነጥብሽ እየወረደ ነው" አለኝ ማደንዘዣው። "ሌላ አያት ፈልገሽ ተጣዪ።" ስቄ አለፍኩት። ሻይ ክፍል ቁጭ ብዬ ይህን ጻፍኩ፦

"አራስ አትጠይቁ ያልኩት ልክ ነው፣ አሁንም እላለሁ። ለአንዲት አያት የመለስኩት ግን ነውር ነበር። እሷንም በስልክ ሳይሆን በአካል ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ድስት አስቀምጦ መሄድ ቀላል መስሎኝ ነበር የጻፍኩት። ቀላል አይደለም። በር ላይ ያላችሁ አያቶች፣ አብሬያችሁ ነኝ።"

ንግሥታችን ያሉኝ "ተገለበጠች" አሉኝ። የድሮ ሰዳቢዎቼም "ይኸው፣ በራሷ ደረሰ" አሉ። ከሁለቱም ወገን ተባረርኩ። አሥራ ሰባት። አልዋሽም፣ ትንሽ ከፋኝ። ያስረሳኝ ግን ባለ ጽጌረዳዋ ከሥሩ የጻፈችው ነው፦ "ነገ ሾርባው ላይ ጨው ቀንሺ፣ ልጅቷ በዝቷል ብላለች።" ያንን ደጋግሜ እያነበብኩ ስስቅ ዋልኩ።

ኅዳር 4

ጠዋት ሚጢ ደወለች። "እማዬ፣ ስድስት ሰዓት ተኛሁ። በአንድ ጊዜ!"

"ወተትሽስ?"

"ወተት? ልብሴን ሁሉ አጨማልቆታል!"

አሥራ አንደኛ ቀኗ ነው። የእኔ በስምንተኛው ነበር የደረቀው። ለካ ሳላውቀው ስምንተኛው ቀን እስኪያልፍ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ስልኩን ከአፌ ራቅ አድርጌ ተነፈስኩ።

"ዛሬ ሁለታችሁም ኑ" አለች። "በየተራ፣ አሥር አሥር ደቂቃ።"

"አራት ቀን ይቀራል እኮ" አልኩ። ምን ነካኝ?

"እማዬ፣ አራሷ ማን ናት?"

ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ባለ ጽጌረዳዋ ከእኔ ቀድማ ደርሳለች፣ ከነጉልበቷ! አማቼ በሩን ከፍቶ ሁለታችንን ሲያይ ላብ አጠመቀው። "እማማ፣ እርስዎ... እማዬ፣ አንቺም..." መፍረድ አልቻለም።

"ግቢ" አልኳት።

"አንቺ እናቷ ነሽ።"

"ግቢ ስልሽ! የእኔን አሥር ደቂቃ እንዳትበዪብኝ ብቻ።"

ገባች። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ሳቋ መጣ። ከዚያ ስትናፈጥ ሰማኋት። አሥር ደቂቃው አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ሆነ። ሰዓቴን አየሁ እንጂ አላንኳኳሁም። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። "ማንን ይመስላል?" አልኳት። "ራስሽ እዪው" ብላ ጉንጬን ሳመችኝ።

እጄን እስከ ክርኔ ታጠብኩ፣ ለሥራ እንደምታጠበው። ሚጢ ወንበር ላይ ናት። ጸጉሯ ሳይበጠር፣ ጉንጯ ሞልቶ፣ ቆንጆ።

"ልክ ነበርሽ" አለች። "ግን በጣም ናፍቀሽኝ ነበር።"

እጄን ዘረጋሁ። ተነስታ አስታቀፈችኝ።

ሃያ ሰባት ዓመት ስንቱን ልጅ በእነዚህ እጆች ተቀብያለሁ። ከነደሙ፣ ከነእትብቱ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ሊፍት ውስጥ፣ አንዴም ታክሲ ውስጥ። ተንቀጥቅጠውብኝ አያውቁም። ዛሬ ተንቀጠቀጡ። ሚጢ አየቻቸው።

"እማዬ፣ አንገቱን ደግፊው" አለችኝ።

ለእኔ!

"እሺ" አልኳት። ደገፍኩት።